የማሲላማኒ ማስተር አድማጭ

የስቱዲዮው የልብስ ስፌት ክፍል ሰዎች የቫዲቩን የመጀመሪያ ሳምንት ባነሱ ቁጥር ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። ሕንድ አገር፣ ማድራስ ከተማ ውስጥ ነው፣ ቫዳፓላኒ ሰፈር፣ ፊልም ከሚሠራባቸው ግቢዎች ባንዱ። ጊዜው የወንድ ሱሪ ከጉልበት በታች እንደ ጃንጥላ የተዘረጋበት ጊዜ ነው። ቫዲቩ ገና አዲስ ሙሽራ ናት። ባሏ ሙኑሳሚ ባጃጅ ይነዳል። እሷ እጇ ለመርፌ የተፈጠረ ስለሆነ የክፍሉ አለቃ ጋሽ ካዳር፣ "ነይ እስቲ እንይሽ" ብሎ አንድ የስፌት መኪና ሰጣት። በዚያው ሳምንት ለድብድብ ትዕይንት የሚለበስ የፖሊስ ዩኒፎርም እየሰፋች ሳለ ከጀርባዋ ያለው ግድግዳ መንዘር ጀመረ።

ከግድግዳው ማዶ የሙዚቃ ቀረጻ አዳራሽ አለ። መጀመሪያ አንድ ድምፁ የጎረነነ ጊታር ዱም፣ ዱዱም እያለ፣ ሰፈሩን የናቀ ጎረምሳ እንደሚራመደው እየተጀነነ መጣ። ቀጥሎ ከበሮው ተከተለው። የቫዲቩ እግር ማንም ሳያዘው የስፌት መኪናውን መርገጫ ከጊታሩ ጋር ይረግጥ ጀመር። መኪናው ሮጠ፣ ጨርቁ ሮጠ፣ እሷም አብራ ሮጠች። ሙዚቃው ቆሞ ቀና ብትል የፖሊሱን ሁለት እጅጌ ባንድ ትከሻ ላይ ሰፍታዋለች።

ጋሽ ካዳር ዩኒፎርሙን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አገላብጦ አየው።

"ይሄ ፖሊስ ሌባውን በየት በኩል ነው የሚይዘው?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ግድግዳው ነው" አለች ቫዲቩ።

"ግድግዳው ምን አደረገሽ?"

"ጨፈረ።"

"እሱ ማሲላማኒ ነው። እንዲሁ ሲያንዘፈዝፈን ነው የሚውለው። አትስሚው።"

"ጆሮ መዝጊያ የለው፣ ምን ላድርግ?"

"እሺ በጆሮሽ ስሚው። በእግርሽ ግን አትስሚው!"

ማሲላማኒ ማስተር የፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ ደራሲ ነው። ዘፈን አይሠራም። ዘፈን የሚሠሩት ስማቸው ፖስተር ላይ ከዋናው ተዋናይ ጎን የሚጻፍላቸው፣ መኪናቸው ብቅ ሲል ዘበኛ የሚሯሯጥላቸው ሌሎች ናቸው። እሱ የሚጠራው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ሌባ ጣራ ለጣራ ሲሮጥ፣ ሙት መንፈስ በመስኮት ሲገባ፣ እናት ልጇን ባቡር ጣቢያ ስትሸኝ፣ ሰው አፉን በዘጋበት ቦታ ሁሉ የሚናገረው እሱ ነው። ለዚያውም የሚደርሱት ፊልሞች ሌላው አልፈልግም ያላቸው ናቸው። ስሙ በማያው ላይ የሚወጣው ሰው ገና ወንበሩን ሲፈልግና በጨለማ ሲረጋገጥ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በቫዮሊንና በኦርጋን መሐል ያደገ፣ በጉርምስናው ደግሞ ሆቴል ቤት ለዳንስ የሚያጫውት ሰው ነበርና፣ ሁለቱም በሙዚቃው ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ይህን ግን ያኔ ቫዲቩ አታውቅም። የምታውቀው ግድግዳውን ብቻ ነው።

ወራት አልፈው ያ የፖሊስና የሌባ ፊልም ሲወጣ ሙኑሳሚን ጎትታ ሲኒማ ቤት ወሰደችው። ሰው ፊት ባሏን አንቱ ነው የምትለው። ሲኒማ ቤት መብራት ከጠፋ በኋላ ግን አንተ ይሆናል። ሌባው ጣራ ላይ ወጥቶ መሮጥ ሲጀምር በክርኗ ጎሰመችው።

"የት ሄደ?"

"ማን?"

"ጊታሩ። ያ ዱዱም የሚለው።"

"እኔ ምን አውቅልሻለሁ? ሰውየው ሊያዝ ነው እኮ፣ ዝም ብለሽ እዪ!"

"የለም እያልኩህ ነው። አውጥተውታል።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ጊታር ከፊልም ውስጥ ማን ያወጣል? ኪስ ነው?"

የፊት ወንበር ሰዎች ዞረው "እሽሽ!" አሏቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። የሲኒማ ቤቱ ድምፅ ማጉያ አሮጌ ነው፤ ወፍራሙን ድምፅ መሸከም አይችልም። በጊታሩ ፈንታ ግን ቫዲቩ ሰምታው የማታውቀው ነገር ወረደ። ቫዮሊን። አንድ ሁለት አይደለም፣ መንጋ ሆኖ። ረዥም፣ የማይቸኩል፣ ከሌባው ሩጫ ጋር ምንም ጉዳይ ያለው የማይመስል ዜማ ነበር። ግድግዳው ያን ሁሉ ወር ይህን ውጦባት ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ እንዲህ ሆነ። የማሲላማኒን ሙዚቃ ታች ታቹን ከስፌት መኪናዋ ላይ ሆና ትሰማለች፤ ወራት ቆይታ ላይ ላዩን ሲኒማ ቤት ገብታ ትሰማለች። ኮሌታውን ዛሬ፣ ደረቱን ለከርሞ እንደሚሰጧት ልብስ ሰፊ፣ ሁለቱን ራሷ ታገጣጥማቸዋለች። ቤቷ ሳምባር የሚባለውን የምስር ወጥ ስትሠራ ታችኛውን በእግሯ ትመታለች፣ ላይኛውን በአፍንጫዋ ታዜማለች። ሙኑሳሚ ምንጣፉ ላይ ተጋድሞ፣ "ሰው ጀግና ሊያይ ሲኒማ ይገባል፣ የኔዋ ደግሞ የጠፋ ጊታር ፍለጋ" እያለ ይተርባታል። ፊልሞቹ ሳምንት ሳይሞላቸው ይወርዳሉ። ስለዚህ ቶሎ መድረስ አለባት፤ አንዳንዴ ባሏ ተሳፋሪ ጥሎ ጥድፍ አድርጎ ያደርሳታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ማሲላማኒ ማስተር ብቻውን ቆሞ ሻይ ሲጠጣ አየችው። አጭር ሰው ነው። ሸሚዙ ነጭ፣ ካውያ የጠገበ። ኮሌታው ላይ ያለው ስፌት ሊፈታ እንደሆነ ገና ከሩቅ ታየት። ብዙ አመነታች። ከዚያ የሳሪዋን ጫፍ ወገቧ ላይ ሻጥ አድርጋ ሄደች።

"ማስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?"

"ማነሽ አንቺ?"

"ከግድግዳው ወዲህ ነኝ። ስፌት ክፍል።"

"እንረብሻችኋለን መሰለኝ።"

"የለም የለም! ቅሬታዬ ሌላ ነው። እኔ የርስዎን ሙዚቃ ከግድግዳው ታች ታቹን ነው የምሰማው። ሲኒማ ቤት ስሄድ ደግሞ ላይ ላዩን። አንድ ላይ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። አንድ ላይ ይገጥማል ወይ?"

ማስተሩ ሻዩን ከአፉ መለሰው። ሙዚቃውን ሰው ይሰማዋል ብሎ መጠበቁን ከተወ ቆይቷል።

"የመጨረሻውን ፊልም አየሽው?"

"ሦስቴ። አራተኛው ላይ ወረደብኝ።"

"ከዳይሬክተሩ ሁለት ጊዜ በልጠሻል" አለና ሳቀ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኔም እኮ ሲኒማ ቤት ውስጥ አንድ ላይ ሰምቼው አላውቅም። ነገ ከምሳ በኋላ ነይ። በሩ አጠገብ ትቀመጫለሽ። አምባርሽን ግን አውልቂው፣ ማይክሮፎኑ ይሰማዋል" አላት።

ቫዲቩ እጇን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። ሁለቱም ክንዶቿ በመስታወት አምባር የተሞሉ ናቸው።

"ውይ ማስተር፣ ባሌ ቆሞ እየሄደ እንደ ባል የሞተባት አምባሬን ላወልቅ? እናቴ ብትሰማ ትገድለኛለች!"

"እንግዲያስ ምን ይሻላል?"

"እሱን ለኔ ይተዉት።"

በማግስቱ ከንጉሥ ካባ የተረፈ ቀይ ከፋይ ቆርጣ፣ አምባሮቿን ከእነክንዷ ጠቅልላ፣ ጫፉን በክር ጠልፋ መጣች። ጋሽ ካዳር ከላይ እስከ ታች አያትና፣ "ቦክሰኛ ሆነሻል፤ ማንን ልትጥዪ ነው?" አላት። እሷ ግን አልሰማችውም፤ ልቧ ቀድሟት አዳራሹ ውስጥ ገብቷል።

አዳራሹ ትልቅ ነው፤ ቀዝቃዛ ነው። ከሠላሳ የማያንሱ ቫዮሊን ተጫዋቾች ቬሽቲ የሚሉትን ነጭ ሽርጥ ታጥቀው፣ እንደ ሃይማኖታቸው ግንባራቸውን በአመድ ቀብተው ተደርድረዋል። ከነሱ ትይዩ ጸጉሩን በቅባት የለሰነ፣ ጫማው የሾለ ቴረንስ የሚባል ሰው ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሟል። ቫዲቩ ገና ስታየው "አንተ ነህ ለካ!" ልትለው ምንም አልቀራት። ፊት ለፊት ነጭ ጨርቅ ላይ ፊልሙ ያለ ድምፅ ይሄዳል። አሁንም ሌባ ነው፣ አሁንም ይሮጣል፣ የለበሰው ሸሚዝ እሷ የሰፋችው ነው። ማስተሩ እጁን አነሣ።

ጊታሩ ገባ፣ ከበሮው ገባ። የምታውቀው ነው፤ እግሯን በእግሯ ረግጣ ያዘችው። ከዚያ ቫዮሊኖቹ ባንድ ትንፋሽ ከላይ ወረዱበት። ቫዲቩ ክው አለች። ለብቻው ስትሰማው ጊታሩ የሰርግ ደስታ ይመስላት ነበር። ቫዮሊኖቹንም ለብቻቸው ስትሰማቸው ያማሩ ብቻ ይመስሏት ነበር። አሁን አንድ ላይ ሲሆኑ ሌላ ነገር ሆኑ። ጊታሩ ሌባውን ሩጥ ይለዋል፤ ቫዮሊኖቹ ደግሞ ለምን እንደሚሮጥ ያውቃሉ። እግሯ መጨፈር አማረው፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ የቱን እንደምታስቀድም ግራ ገባት።

"ውይ!" አለች ጮክ ብላ። "ለካ ያሳዝናል!"

ሁሉም ቆመ። ሠላሳው ቫዮሊን ባንዴ ዞሮ አያት። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው የቀረጻ ባለሙያ እጁን አናቱ ላይ ጫነ። ቫዲቩ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር።

"ተቀረጸ?" አለ ማስተሩ።

"የሷ 'ውይ' በደንብ ተቀርጿል" አለ ባለሙያው። አዳራሹ ሳቀ። ማስተሩ ግን አልሳቀም።

"ከዳይሬክተሩ የምጠብቀው እሱን ቃል ነበር" አለ። "በሉ፣ እንደገና።"

ሥራው ሲያልቅ ወደሷ መጥቶ፣ ሌባው የሚሮጠው ለታመመች እህቱ መድኃኒት ይዞ እንደሆነ ነገራት። ያ ትዕይንት ከፊልሙ ተቆርጦ ወጥቷል። ፊልሙን የሚያይ ሰው እህት እንዳለችው እንኳ አያውቅም።

"እኔ ግን ከመቆረጡ በፊት አይቼዋለሁ" አለ። "ካየሁት በኋላ እንዳላየ ሆኜ ዝም ብዬ ላስሮጠው አልቻልኩም።"

ቫዲቩ ኮሌታውን እያየች፣ "ሸሚዝዎን ነገ ይላኩልኝ፣ ሊፈታ ነው" አለችው።

ከዚያ ለብዙ ዓመታት በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር የሷ ሆነች። በየቀረጻው ጋሽ ካዳር በሚባክነው ሰዓት እያጉረመረመ፣ ግን ከልክሏት ሳያውቅ፣ ከፋይዋን ጠቅልላ ትገባለች። ማስተሩ ባይጠይቃትም ፊቷን ሰረቅ አድርጎ ያያል። አንድ ሙት መንፈስ የሚወጣበት ፊልም ላይ ዋሽንቱ ሲገባ በከፋይ የተጠቀለለ እጇን አፏ ላይ ስትጭን አይቶ ዋሽንቱን ከፊልሙ መጨረሻ ላይም ደገመው። ፊልሙ ወደቀ። ግቢው ውስጥ ሲገናኙ "ወደቀ አሉ" አላት።

"ፊልሙ ነው የወደቀው" አለች ቫዲቩ። "ሙዚቃው የት ወደቀ? ይኸው እኔ ጋር አለ።"

በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። ቀረጻ በኮምፒዩተር ሆነ፤ ሠላሳ ቫዮሊን የሚጠራ ጠፋ። የስቱዲዮው ባለቤቶች መሬቱን ሸጡትና ፎቅ በቀለበት። ጋሽ ካዳር አርፎ፣ የስፌት ክፍሉ ተበትኖ፣ ቫዲቩ ቤቷ በረንዳ ላይ የሰፈሩን ሴቶች ሸሚዝ ትሰፋ ጀመር። ልጆቿ አደጉ፣ ተዳሩ። ማስተሩ ወደ ፔራምቡር ሄዶ የልጅነት ቤተ ክርስቲያኑን መዘምራን ይመራል ሲባል ሰማች። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ኑሮም ሥራ አያሳጣም፤ ሳይገናኙ ዓመታት ነጎዱ። ሳምባር ስትሠራ ግን ዜማው አልተቋረጠም።

አንድ እሑድ ጠዋት ሙኑሳሚ ኤግሞር ባቡር ጣቢያ በር ላይ አንድ ሸምገል ያለ፣ ጫማው የሾለ ሰውዬ አሳፈረ። ሰውየው ከኋላ ተቀምጦ ጭኑን በጣቱ እየመታ ዱም፣ ዱዱም ይላል። ሙኑሳሚ ጥቂት እንደሄዱ ባጃጁን ጥግ አስይዞ ዞረ።

"ጌታው፣ ይሄን ዜማ ከየት አመጡት?"

"ምነው?"

"የሚስቴ ሳምባር ነዋ!"

"የሚስትህ ምን?"

"እሷ ወጥ በሠራች ቁጥር ይሄን ነው የምትመታው። ቫዮሊኑ እንዲህ አይደለም የሚገባው?" ብሎ ሙኑሳሚ በሻካራ ድምፁ ላይኛውን ዜማ ከዳር እስከ ዳር አዜመው። ባለጫማው ሰውዬ አፉን ከፍቶ ቀረ። ያን ሁሉ ዓመት ሲቀልድ የኖረው ባል አንዲት ኖታ አላመለጠችውም።

"ይሄን የሚያውቅ ሰው የሞተ መስሎኝ!" አለ ሰውዬው። "ይሄን ጊታር የመታሁት እኔ ነኝ እኮ።"

"እንግዲያስ ይያዙ" አለ ሙኑሳሚ፤ ተሳፋሪውን ወዳለው ቦታ ሳይሆን ሽቅብ ወደ ቫዳፓላኒ ይዞት በረረ።

ቫዲቩ በረንዳ ላይ መርፌ ውስጥ ክር እያስገባች ነበር። ጫማውን ስታይ መርፌው ከእጇ ወደቀ።

"ቴረንስ! ጸጉርህ የት ሄደ?"

"ጊታሩ የሄደበት ሄደ እህቴ" አለ እየሳቀ።

የሩዝ ዳቦውን፣ ኢድሊውን፣ በቻትኒ እያጠቀሱ ሲያወጉ ቴረንስ፣ ማስተሩ ሰባ ሊሞላው እንደሆነና ቤተ ክርስቲያኑ የግድግዳ ሰዓት ሊሸልመው እንዳሰበ ነገራት።

"ሰዓት?" አለች ቫዲቩ። "ለሱ ሰዓት ይሰጡታል? ዕድሜ ልኩን 'ቶሎ በል' ሲሉት ኖረው!"

"ምን እንስጠው ታዲያ?"

"ሙዚቃውን ነዋ።"

ኖታው ከስቱዲዮው ጋር ጠፍቷል። ተጫዋቾቹም ግማሾቹ አልፈዋል። ቴረንስ ጊታር ተውሶ፣ ዞሮ ዞሮ ሰባት ቫዮሊን፣ አንድ ዋሽንትና አንድ እጁ የሚንቀጠቀጥ ከበሮ መቺ ሰበሰበ። ቴረንስ ቤት ግቢ ውስጥ በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ ተገናኙ። እያንዳንዱ የራሱን ያስታውሳል፤ የጎረቤቱን አያስታውስም። እየተነታረኩ፣ አንዱ ሌላውን እያረመ፣ ዜማውን ቁራጭ በቁራጭ ገጠሙት። የመጨረሻው ጠብ ፍጥነቱ ላይ ሆነ።

"ይሄ እኮ የሩጫ ሙዚቃ ነው፣ ፍጠኑ!" ይላል ቴረንስ።

"የለም፣ እንዲህ ነበር" ትላለች ቫዲቩ፤ በእግሯ ሲሚንቶውን ረጋ ብላ እየመታች።

"ያ የስፌት መኪናሽ ፍጥነት ነው እህቴ!"

"ቢሆንስ? እስቲ አንዴ ብቻ ሞክሩት።"

ሞከሩት። አንዱ ቫዮሊን ተጫዋች ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ፍጥነቱም እሱ ሆነ።

የማስተሩ ልደት ቀን ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑ ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ በፕላስቲክ ወንበር ተቀመጡ። ማስተሩ ሰዓቱን ሊቀበል ዝግጁ ሆኖ፣ የምስጋና ንግግሩን በአፉ እያመላለሰ ነበር። ከጀርባው ጊታሩ ዱም ሲል የሰማውን አላመነም፤ አልዞረምም። ቫዮሊኖቹ ሲገቡ ግን ዞረ። ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማ። የመዘምራኑ ሴቶች እግር ከወንበሩ ሥር መምታት ጀምሯል፤ ቄሱ ራሳቸው ጉልበታቸውን በጣታቸው ይመቱ ነበር።

ሲያልቅ ማስተሩ፣ "ማነው ያዘገየው?" ብሎ ጠየቀ።

ሁሉም ወደ ቫዲቩ ጠቆመ። ቴረንስማ በሁለት እጁ ነው የጠቆመው።

"እኔ ነኝ ማስተር" አለች፤ ከወንበሯ ብድግ ብላ። "ተሳሳትኩ?"

"ተሳስተሻል" አለ። "ስጽፈው ከዚህ በጣም ይፈጥን ነበር። ሌባው ትዕይንቱ ሳያልቅ ማምለጥ ነበረበት፣ ዳይሬክተሩም ይጮህብኝ ነበር። ቫዮሊኖቹ የሚሉትን ሳይጨርሱ ነው ሁልጊዜ የማቋርጣቸው።" ወደ ተጫዋቾቹ ሄደና ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለው። "አሁን ማንም አያሳድደንም። በሉ በሷ ፍጥነት እንደገና፣ እኔ ልምራችሁ።"

በሁለተኛው ላይ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። ሙኑሳሚ ቬሽቲውን ከፍ አድርጎ ታጥቆ ከመዘምራኑ ሴቶች ጋር ሲጨፍር ቫዲቩ አየችውና ሰው ፊት መሆኗን ረስታ፣ "አንተ፣ ወገብህን!" ብላ ጮኸችበት። ከዚያ የሩዝና የሥጋ ብርያኒ ቀረበ። ሰዓቱም ለማስተሩ ተሰጠው፤ ደስ ብሎት ተቀበለ።

ማስተሩ ከዚያ በኋላ መጻፍ ጀመረ። ፊልም የለም፣ ሌባ የለም። ለሰባት ቫዮሊን፣ ለአንድ ዋሽንት፣ ለከበሮውና ለቴረንስ ጊታር ብቻ ይጽፋል። አዲስ ነገር ሲጨርስ ሙኑሳሚ ቫዲቩን በባጃጅ ፔራምቡር ያደርሳታል፤ እሷም የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ እግሯን ዘርግታ፣ በዘይት የተጠበሰ ሙሩኩ እየቆረጠመች ታዳምጣለች።

ባለፈው የሄደች ዕለት ማስተሩ እጁን አውርዶ፣ "እንዴት ነው?" አላት።

"መጀመሪያው እግር ያስነሣል። መሐሉ አንጀት ይበላል። መጨረሻው ግን ረዘመ ማስተር።"

"እኔ የወደድኩት እሱን ነው።"

"እንግዲያስ ይርዘም" አለች፤ ሙሩኩውንም አቀበለችው።